ስለ ቦዲቲ ተማሪ ቤቶች፤ የጤና፥ የገንዘብና የተማሪ ቁጥር ነገር

በየዓመቱ የመስከረም ወር በገባ ጊዜ አባትና እናት የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ተማሪ ቤት ሲሄዱና ስሙን በመዝገብ ሲያስጽፉ ማየት አገሩን ለሚወድ ሰው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በወላይታ አገርም ይህ ወር ሁለት ደስታ የሚገናኝበት ወር ነው፤ አንደኛው የጊፋታ በዓል ሲሆን ሁለተኛው የተማሪ ቤት መከፈት ነው። ነገር ግን በመስከረም ስሙ የተጻፈው ሕፃን በሰኔ ወር፥ ፈተና በሚደረግበት ቀን፥ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይገኛልን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ስለ ቦዲቲና በዙሪያዋ ስላሉት ተማሪ ቤቶች ለመጻፍ የተነሣነው ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ እንዲቀድም ስለምንፈልግ ነው።

ቦዲቲ ከሶዶ ተነሥቶ በሾኔና በሐላባ በኩል ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የዳሞት ጋሌ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ወዲህም አዲስ በተቋቋመው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ገጠር እንሰትና ስኳር ድንች፥ በቆሎና ጎደሬ የሚበቅልበት ደግ መሬት ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ስለ ሆነ የአንዱ ገበሬ ድርሻ በጣም ጠባብ ነው። አባት የነበረውን መሬት ለልጆቹ ሲያካፍል፥ ልጆቹም ደግሞ ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ፥ መጨረሻው ከጎጆ ዙሪያ የማያልፍ ጓሮ ይሆናል። እንግዲህ ለብዙው የወላይታ ገበሬ ለልጁ የሚያወርሰው ሁለተኛ ርስት ትምህርት ነው። መሬት በተካፈለ ቁጥር ያንሳል፤ ትምህርት ግን ለአሥር ልጆች ቢካፈል ከአንዱ ድርሻ ላይ ምንም አይጎድልም። ስለዚህ በቦዲቲ የአንድ ተማሪ ቤት መልካም መሆን ወይም መጉደል የጌጥ ነገር ሳይሆን የርስት ነገር ነው።

ስለ ተማሪዎች ቁጥር የሆነ እንደ ሆነ አገራችን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያደረገችው እርምጃ የሚያስመሰግን ነው። በ1983 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚማሩት ልጆች ሦስት ሚሊዮን አይሞሉም ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ይህን ያህል ሕፃን ወደ ተማሪ ቤት ደጃፍ ማድረስ ትልቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ከደጃፍ መድረስና ትምህርትን መጨረስ አንድ አይደሉም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ ማለት መጀመሩ ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከመቶ ልጆች ዘጠና አንዱ የወደቁበት ፈተና በፈተናው ቀን ብቻ የተበላሸ ነገር እንዳይደለ ማንም አስተዋይ ይረዳዋል። የተበላሸው አስቀድሞ፥ ልጁ ገና በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ሳለ ነው። በአገራችን ትምህርታቸውን ከሚያቋርጡት ልጆች ብዙዎቹ የሚያቋርጡት በአንደኛው ክፍል መሆኑም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው።

ይህ ስለ ምን ይሆናል? አንዳንድ ሰው ነገሩን በልጁ ስንፍና ወይም በወላጁ ቸልተኝነት ላይ ይጥለዋል። እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም። አንድ ልጅ በመስከረም በደስታ ገብቶ በመጋቢት ከቀረ፥ በመካከሉ ያለውን የስድስት ወር መንገድ መመርመር ይገባናል። በዚያ መንገድ ላይ ሦስት ሽፍቶች ቆመዋል፤ አንዱ በሆዱ ውስጥ፥ አንዱ በእግሩ ሥር፥ አንዱ ደግሞ በመሶቡ አጠገብ።

በሆዱ ውስጥ ያለው ሽፍታ የሆድ ትል ነው። ወስፋትና ሌሎቹ የአንጀት ትሎች ከሕፃኑ ምግብ ይሻማሉ፤ መንጠቆ ትል የሚባለው ግን ከዚህ የከፋ ነው። እርሱ በአፈር ውስጥ ይቆይና በባዶ እግር የሚሄደውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከዚያም ከአንጀቱ ላይ ተጣብቆ ደሙን ይመጣል። ደሙ ያነሰ ልጅ ፊቱ ይገረጣል፥ ቶሎ ይደክማል፥ አስተማሪው የሚናገረውን ልብ ብሎ ለመስማት አቅም ያጣል። እንዲሁም ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በወንዝና በኩሬ ዳር ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ውሃ በሚቀዳውና በሚዋኘው ልጅ ሰውነት ውስጥ ይገባል። የታመመው ሕፃን በአልጋ ላይ ስላልተኛ ሰው ሁሉ ጤነኛ ይመስለዋል፤ እርሱም በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከትምህርቱ ርቋል።

ስለዚህ ነገር የወላይታ አገር ለኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ዓለም ትምህርት የሚሆን ሥራ ተሠርቶበታል። መንግሥት በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተማሪ ቤቶች አማካይነት የትል መድኃኒት ማደልን ጀመረ። ከዚያም በ2010 ዓ.ም. ገደማ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፥ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ፥ መሠረቱ በእንግሊዝ አገር ከሆነ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በተገኘ ገንዘብ፥ በወላይታ ዞን አዲስ ሥራ ጀመሩ። የሥራውም ስም «ገሺያሮ» ተባለ፤ ይህም በወላይታ ቋንቋ ንጽሕና ማለት ነው። ዓላማው ትልን ለአንድ ዓመት መቀነስ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ፈጽሞ ማቋረጥ ይቻል እንደ ሆነ መመርመር ነበር። ስለዚህም በብዙ ስፍራ መድኃኒቱ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለአባቱ፥ ለእናቱና ለታላላቅ ወንድሞቹም ጭምር እንዲታደል ሆነ፤ በአንዳንድ ወረዳዎችም የንጹሕ ውሃና የመጸዳጃ ቤት ሥራ ተጨመረበት።

ይህን ስም የመረጠው ማንም ቢሆን ነገሩን በሚገባ ተረድቶታል። አልቤንዳዞል የሚባለው እንክብል በሆድ ያለውን ትል ይገድላል፤ በጓሮ አፈር ውስጥ የተዘራውን እንቁላል ግን አይነካውም። ዛሬ የዳነው ልጅ ነገ በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግሩ ቢሄድ፥ በዚያው ባልታጠበ እጁ ቢበላ፥ ዓመት ሳይሞላው ወደ ቀድሞው ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ በር ይከፍታል እንጂ ቤት አይሠራም፤ ቤቱን የሚሠራው ንጽሕና ነው።

የሠለጠኑት የሚባሉት አገሮችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚኖረውን ሕዝብ ሌላው አሜሪካዊ ሰነፍ እያለ ይንቀው ነበር። በ1902 ዓ.ም. ሮክፌለር የተባለው ባለጸጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ሐኪሞች ምርመራ ባደረጉ ጊዜ፥ ከመቶ ሕፃናት አርባ የሚያህሉት መንጠቆ ትል እንዳለባቸው ተገኘ። ስንፍና የተባለው የደም ማነስ ነበር፤ ትሉ በቀነሰባቸውም አውራጃዎች ወደ ተማሪ ቤት የሚመላለሰው ልጅ ቁጥር ከፍ አለ። በጎረቤታችን በኬንያም፥ ቡሲያ በሚባለው አውራጃ በ75 ተማሪ ቤቶች በተደረገ ጥናት፥ መድኃኒቱ በታደለባቸው ስፍራዎች የተማሪዎች መቅረት በሩብ ያህል እንደ ቀነሰ በ1996 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። በዚህ ጥናት ስሌት ላይ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ ነገር ግን ትል የበዛበት ልጅ መታከም ይገባዋል በሚለው ላይ ክርክር የለም። የጃፓን ሕዝብ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመቶው ከስድሳ የሚበልጠው ወስፋት ያለበት ሆኖ ሳለ፥ በየተማሪ ቤቱ ምርመራና ሕክምናን ሳያቋርጥ በመቀጠሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ በሽታውን ሊያጠፋው ምንም አልቀረው። የጃፓን ሰዎች ያሸነፉት በአንድ ዘመቻ ሳይሆን ዓመት በዓመት ባለማቋረጥ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ቃል በዚህ ተፈጸመ።

ሁለተኛው ሽፍታ በእግር ሥር ያለው ነው። በከፍታ ስፍራ፥ ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፥ በአፈሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው እየገባ እግሩን ያሳብጠዋል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ወላይታም ይህ በሽታ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዱ ነው። ቀድሞ ሕዝቡ እንደ እርግማን ይቆጥረው ነበር፤ ዛሬ ግን ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፥ ማንኛውም በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንደማይታመም፥ ነገር ግን በትውልድ ለበሽታው የተጋለጠ ሰው እንዳለ በራሱ በወላይታ ሰዎች ላይ በተደረገና በ2004 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ተገልጿል። በ1998 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህ በሽታ በወላይታ ዞን ብቻ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስ ገምቷል። ሊያድን የሚችለው ነገር ምንድን ነው? ጫማ፥ ውሃና ሳሙና ነው። እብጠቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በወጣትነት ዘመን ስለ ሆነ፥ በአንደኛ ክፍል ያለን ሕፃን ጫማ ማልበስ ሃያ ዓመት ሲሞላው ከሚመጣበት መከራ መከላከል ነው። ያው ጫማ መንጠቆ ትሉንም ይከለክላል፤ አንድ ጫማ ሁለት በሽታ ያስቀራል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሽፍታ ረሃብ ነው። አገሩ ለምልሞ ሳለ መሶቡ ባዶ የሚሆንበትን ጊዜ ወላይታ በ1992 ዓ.ም. እና በ2000 ዓ.ም. በብርቱ አይቶታል፤ ሰዎችም አረንጓዴ ረሃብ ብለው ጠሩት። እንደዚያ ያለ ክፉ ዘመን ባይመጣ እንኳ፥ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ በቆሎ እሸት እስኪደርስ ያሉት ወራት የብዙ ቤት መሶብ የሚሳሳባቸው ናቸው። እነዚያ ወራት ደግሞ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት የሚሰጥባቸው ናቸው። የቢልሃርዝያው መድኃኒት ስንኳ ምግብ ለበላ ልጅ ካልሆነ ማቅለሽለሽን እንደሚያመጣ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቿን በየቀኑ በመመገቧ የመጣውን መልካም ፍሬ ሁሉም መስክሯል፤ የገጠሩ ሕፃን ሆድ ከከተማው ሕፃን ሆድ የሚለይበት ምክንያት የለም።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ሥጋ ጤና ነው። አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ፤ ሳሙናም፥ ውሃም፥ የአስተማሪ እንጀራም ያለ ገንዘብ አይገኙምና።

ትምህርት በሕዝብ ገንዘብ እንዲቆም ማድረግ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተደነገገ፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፥ የትምህርት ቦርድም እንዲቆጣጠረው ተባለ። ወላይታም በዚያን ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ጉድለቱ ግን ተማሪ ቤቶቹ በከተማ ስለ ተሠሩ፥ ግብሩን የከፈለው የገበሬ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይማር መቅረቱ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር፥ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ በልጁ ወንበር ላይ ሲደርስ ማየት እንዳለበት ነው።

ዛሬ የወረዳ ተማሪ ቤት በጀት ከክልሉ ለወረዳው ከሚሰጠው ድጎማ የሚወጣ ሲሆን እጅግ የሚበዛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለጠመኔ፥ ለመጽሐፍ፥ ለውሃ ቧንቧና ለመጸዳጃ ቤት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ለየተማሪ ቤቱ በተማሪዎች ቁጥር ልክ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ይህ ደንብ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን አንድ ፈተና አለበት። ገንዘቡ የሚከተለው በመዝገብ የተጻፈውን ስም ስለ ሆነ፥ ልጁ ቢቀርም ስሙ ሳይሰረዝ እንዲቆይ የሚገፋፋ ነገር አለ። እንዲህ በሆነ ጊዜ መዝገቡ ይሞላል፥ ወንበሩ ይጎድላል፤ አለቃውም መዝገቡን አይቶ ደስ ይለዋል።

ከዚህም በላይ አስተማሪ የሌለበት ወንበር ቢሞላም ጥቅም የለውም። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራን ደመወዝ በጊዜው ባለመከፈሉ በብዙ ተማሪ ቤቶች ትምህርት መቋረጡ በየዜናው የተሰማ ነገር ነው። እኛ የደመወዙን መዘግየት ምክንያት እዚህ ለመመርመር አልተነሣንም፤ ዳሩ ግን ይህን እንላለን። ነጋዴ ዕዳውን ለማዘግየት ቢገደድ ወለድ ይከፍላል፤ የአስተማሪ ደመወዝ ሲዘገይ ግን ወለዱን የሚከፍለው ልጁ ነው። ያለፈ ወር ደመወዝ በኋላ ሊከፈል ይችላል፤ ያለፈ ወር ትምህርት ግን ለሰባት ዓመት ሕፃን ማን ይመልስለታል?

ስለ ውጭ እርዳታም እውነቱን መነጋገር ይገባል። ወላይታ ከውጭ ወዳጆች ብዙ በጎ ነገር አግኝቷል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ድርጅቱን ሲዘጋ፥ በዚያ ገንዘብ የሚሠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ ለአገራችን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሆኗል። እንግዳ የሚያመጣው መብራት ሲሄድ ቤቱ እንዳይጨልም፥ ባለቤቱ አስቀድሞ ዘይቱን ማጠራቀም አለበት። የትምህርት ሚኒስቴር ባስታወቀው መሠረት ከአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች 85.9 በመቶ፥ ከሁለተኛ ደረጃዎቹም 70.9 በመቶ ከተወሰነው ደረጃ በታች ሆነው ስለ ተገኙ፥ በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው የሕዝብ ንቅናቄ መጀመሩ ይህንኑ የቤት ባለቤትነት ለማስታወስ ነው።

የወላይታ ሕዝብ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሆን ጥበብ ከማንም መማር አያስፈልገውም። ለጊፋታ በዓል ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶችም እንዲሁ ቅቤ ያጠራቅማሉ። በዓሉ ሲደርስ ድሀውም ሀብታሙም ከሥጋው ይካፈላል፤ ማንም በዚያን ቀን ባዶ እጁን አይቀርም። እንግዲህ በዚሁ ደንብ፥ በእያንዳንዱ የጊፋታ ቁጠባ ላይ ለተማሪ ቤቱ ሳሙናና ለድሀ ልጆች ጫማ የሚሆን ጥቂት ሳንቲም ቢጨመር፥ መዋጮው ለማንም አይከብድም፥ ውጤቱ ግን ከበዓሉ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። ይህንን ስንል ግን የመንግሥት ድርሻ በሕዝቡ ትከሻ ላይ ይጣል ማለታችን አይደለም፤ ደመወዝ፥ ውሃ፥ መድኃኒትና መጽሐፍ የመንግሥት ዕዳ ናቸው። የሕዝቡ መዋጮ ይህን ዕዳ የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ለቦዲቲ ከተማና ለዳሞት ጋሌ ወረዳ ሹማምንት፥ ለርእሳነ መምህራንና ለወላጆች አራት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ የተማሪዎች ቁጥር በመስከረም ብቻ ሳይሆን በጥርና በሰኔም ይቆጠር፤ ሦስቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው በተማሪ ቤቱ በር ላይ ይለጠፉ። በመስከረም መቶ የነበሩት በሰኔ ሰባ ከሆኑ፥ ሠላሳዎቹ ወዴት እንደ ሄዱ ቤት ለቤት ይጠየቅ፤ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በዚህ ሊያግዙ ይችላሉ። ሁለተኛ፥ የትል መድኃኒት የሚታደልበት ቀን በየዓመቱ የማይለወጥ ይሁን፤ ቁርስም አብሮት ይሰጥ። ሦስተኛ፥ ተማሪ ቤቱ ከሚያገኘው ገንዘብ አስቀድሞ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃ ቤት ይሠራበት፤ ያለዚያ ልጃገረዶች በወር አበባቸው ጊዜ ከትምህርት ይቀራሉ፥ የቀሩትም ብዙ ጊዜ ቀርተው ይቀራሉ። አራተኛ፥ የበጀት ገንዘብ ሲያንስ ሌላው ወጪ ይዘግይ እንጂ የአስተማሪ ደመወዝ የሚዘገይ መጨረሻው ወጪ ይሁን።

እነዚህ ነገሮች ከባሕር ማዶ ሊቅ የሚያስመጡ አይደሉም። አንድ የወላይታ ቃል ሁሉንም ያጠቃልላቸዋል፤ እርሱም ገሺያሮ፥ ንጽሕና ነው። የልጁ እጅና እግር ንጹሕ ይሁን፥ የተማሪ ቤቱ ውሃ ንጹሕ ይሁን፥ የገንዘቡ ሒሳብ ንጹሕ ይሁን፥ የተማሪው መዝገብም ከሐሰት ንጹሕ ይሁን።

አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው መስከረም ልጅህን ልታስመዘግብ ስትሄድ ስሙ መጻፉን አይተህ ብቻ አትመለስ። ውሃው ወዴት ነው? ባለፈው ዓመት ከዚህ ክፍል ስንቱ ገብቶ ስንቱ ወጣ? ብለህ ጠይቅ። ጥያቄህ የሚያስቀይመው መልካም አስተማሪ አይኖርም፤ ይልቁንም የሚረዳው ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። የመዝገቡ ቁጥርና የወንበሩ ቁጥር እኩል በሆኑበት ዓመት፥ በቦዲቲ ጠባብ ጓሮ ላይ የተወለደው ሕፃን ከአባቱ መሬት የሚሰፋ ርስት ማግኘቱን ያን ጊዜ በእርግጥ መናገር እንችላለን።